የአሮጌ ጀልባ እድሳት፤ የነዳጅ ታንክ ስለ መለወጥና ወለል ስለ መድፈን



በክፍል ውስጥ ስለ ዝገት፣ ስለ ፈሳሽ ግፊትና ስለ እንጨት ጠባይ የምንማረው ለፈተና ብቻ የሚጠና የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን ይህ ትምህርት እንጀራ ከምናገኝበት ሥራ ጋር ምን ያህል የተገናኘ እንደ ሆነ ለማስረዳት፣ ባለፈው በጋ በአጎቴ ጀልባ ላይ የተሠራውን እድሳት ምሳሌ አድርጌ ላቀርብላችሁ አስቤአለሁ። ሥራው ሁለት ክፍል ነበረው፤ አንደኛው የነዳጁን ታንክ መለወጥ፣ ሁለተኛው ውሃ የሚያሳልፈውን የላይኛውን ወለል እንደ ገና መድፈን ነው። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ቢመስሉም አንዱ ለሌላው ምክንያት መሆኑን ከዚህ በታች እናያለን።

ጣናና ጀልባዎቹ

እንደሚታወቀው ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥልቅ የሚባለው ሥፍራ ግን 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሐይቁ ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ጥቂት በመሆኑ፣ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመታ ይሆናል። ስለዚህ በጣና ላይ ሞተሩ የጠፋ ጀልባ ፊቱን ወደ ማዕበሉ ማዞር አይችልምና ጎኑን ለመመታት ይሰጣል። ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ወደ ናርጋ ሥላሴ ወይም ወደ ዘጌ የሚሻገር መንገደኛ ሁሉ ሕይወቱን ለሞተሩና ለነዳጁ አደራ ሰጥቶ ይሳፈራል ማለት ነው።

የአጎቴ ጀልባ ርዝመቷ 9 ሜትር ነው። አካሏ ከላሜራ የተበየደ፣ የላይኛው ወለሏ ግን ከእንጨት ጣውላ የተሠራ ነው። ሞተሯ በናፍጣ ይሠራል፤ በየጋራዡ ሰልባትዮ የሚባለው የነዳጅ ታንክም በስተኋላ በኩል ከወለሉ ሥር ተቀምጧል። ይህች ጀልባ ለሁለት ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ናት፤ የእኔና የታናሽ እኅቴ የደብተርና የደንብ ልብስ ገንዘብም ከእርሷ ይገኛል።

ባለፈው ዓመት ሞተሩ መንገደኞች ተሳፍረው ሳለ በሐይቁ መካከል ሁለት ጊዜ ኃይል እያጣ ቆመ። በሁለተኛው ጊዜ ነፋስ ስለ ነበረ ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበል ሰጥታ ብዙ ተንገላታች፤ ከተሳፋሪዎቹም መካከል ለንግሥ የሚሄዱ አረጋውያን እናቶች ነበሩባት። አጎቴ ፊልትሮውን ፈትተው ቢያዩት ጥቁር ዝቃጭና የዝገት ዱቄት ሞልቶት አገኙት። ፊልትሮው ቢለወጥም ከጥቂት ጉዞ በኋላ እንደ ገና ተደፈነ። ከዚህ የተነሣ ጥፋቱ ከፊልትሮው ሳይሆን ከታንኩ መሆኑ ታወቀ።

ታንኩ ለምን ዛገ?

ብረት እንዲዝግ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ እነርሱም ብረቱ ራሱ፣ ውሃና በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዝገት የለም። እንግዲህ በናፍጣ የተሞላ ታንክ ውስጥ ውሃ ከየት መጣ? መልሱ በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው መንገድ እስትንፋስ ነው። ታንኩ ግማሽ ጎደሎ ሆኖ ሲያድር የቀረውን ቦታ አየር ይይዘዋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በታንኩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጥና ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ሲመዝን አንድ ሊትር ናፍጣ ግን 0.84 ኪሎ ግራም ያህል ስለ ሆነ፣ ውሃው ከናፍጣው ሥር ገብቶ በታንኩ ወለል ላይ ይተኛል። ናፍጣና ውሃ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕዋሳት ይራባሉ፤ ያ ጥቁር ልጋግ የሚመስለው ዝቃጭ የእነርሱ ሥራ ነው። ይህን ለማየት ከታንኩ ታችኛ ክፍል የተቀዳውን ነዳጅ በብርጭቆ ጠርሙስ አድርገን አሳደርነው፤ በነጋታው ከሥር ሁለት ጣት ያህል ውሃ፣ በመካከል ቀጭን ጥቁር መስመር፣ ከላይ ናፍጣ ሆኖ ተለያይቶ ታየ።

ሁለተኛው መንገድ የባሰው ነው። የላይኛው ወለል በጣውላዎቹ መጋጠሚያና በብሎኖቹ ቀዳዳ በኩል ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ጠብታው የሚያርፈው ደግሞ በታንኩ ክዳን ላይ ነው። ታንኩ የተቀመጠው ውሃ በሚጠጣ ስፖንጅ ላይ ስለ ነበረ ከላይ የወረደው ውሃ ከሥር ተይዞ ይቀር ነበር። ስለዚህ ታንኩ ከውስጥም ከውጭም፣ ከላይም ከታችም በአንድ ጊዜ ይበላ ነበር። በዚህ ምክንያት ታንኩን ለውጦ ወለሉን መተው፣ በሚያፈስ ቤት ውስጥ አዲስ አልጋ እንደ መዘርጋት ይቆጠራል።

ይበየድ ወይስ ይለወጥ?

አንድ በያጅ ታንኩን አይቶ፣ «ውስጡን በሳሙና አጥቤ ቀዳዳው ላይ ላሜራ ልለጥፍበት፤ በአንድ ቀን ያልቃል» አለ። ዋጋውም ከአዲስ ታንክ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር። አጎቴ ለቤታቸው ክዳን መለወጫ የቆርቆሮ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበርና ነገሩ አሳሰባቸው። በመጨረሻ ግን አንድ አዛውንት መካኒክ አማክረው ምክሩን ተቀበሉ። የመካኒኩ ምክንያት ሁለት ነበር።

1ኛ፤ ዝገት አንድ ቦታ ላይ ቀዳዳ ካወጣ በዙሪያው ያለው ላሜራም ሳስቷል። በመዶሻ ጫፍ ቀስ አድርገው ሲመቱት ጤነኛው ክፍል ጠንከር ያለ ድምፅ ሲሰጥ የሳሳው ክፍል ግን የታፈነ ድምፅ ሰጠ። ሳሳ ባለ ላሜራ ላይ የተበየደ ጥገኛ ዳር ዳሩን ይቀዳል።

2ኛ፤ ነዳጅ የያዘን ታንክ መበየድ ሰው ይገድላል። ናፍጣ ተን አውጥቶ ለእሳት የሚመቸው ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ነው፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ እንኳ ተኑ ይያያዛል። ናፍጣው ተቀድቶ ቢያልቅም በዝገቱ ሥር ተደብቆ የቀረው ጥቂት ነዳጅ በብየዳው ሙቀት ይተንና ከአየር ጋር ተደባልቆ ይፈነዳል። አየር የሌለበት ሙሉ ታንክ ሳይሆን፣ ተንና አየር የተቀላቀሉበት ባዶ ታንክ ነው አደገኛው። በውሃና በሳሙና መታጠቡም የተደበቀውን ሁሉ ለማውጣቱ ዋስትና አይሆንም።

አጎቴ ይህን ከሰሙ በኋላ፣ «ጣራው አንድ ክረምት ይታገሠኛል፤ ሐይቁ ግን አይታገሥም» አሉ። እኔም ከፊዚክስ መምህራችን የተማርኩትን የምሞክርበት ጊዜ ስለ ደረሰ ደስ እያለኝ በረዳትነት ገባሁ።

ታንኩን ማውጣት

ሥራው የተጀመረው ዝናብ በሌለበት በጥር ወር ነው። ጀልባዋ ወደ ዳር ተስባ ከወጣች በኋላ የመጀመሪያው ተግባር የባትሪውን ገመድ መፍታት ነበር። የነዳጅ ተን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ወጥቶ አይጠፋም፤ ወደ ጀልባዋ ሆድ ወርዶ ይተኛል እንጂ። ስለዚህ መስኮትና መክፈቻ ሁሉ ተከፍቶ አየር እንዲገባ ተደረገ፤ ሲጋራና እሳትም በአጠገቡ ተከለከለ። ናፍጣው በእጅ ፖምፓ ተቀድቶ ወደ በርሜል ተገለበጠ። ከሥር የቀረው ዝቃጭ ለብቻው በጀሪካን ተይዞ ወደ ጋራዥ ተወሰደ እንጂ ወደ ሐይቁ አልተደፋም፤ ዓሣው የሚኖርበትና ብዙ ሰው የሚጠጣው ውሃ ስለ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ፋሼታዎቹ እየተፈቱ ቱቦዎቹ ተለዩ። እያንዳንዱ ቱቦ ከየት ወደየት እንደሚሄድ በወረቀት ጽፌ አሰርሁበት። ታንኩ በመክፈቻው አላልፍ ስላለ በላዩ ያሉት ስድስት ጣውላዎች በየተራ ቁጥር ተጽፎባቸው ተነሡ።

አዲሱ ታንክ

አዲሱ ታንክ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱም 50 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። ይኸውም 80 × 50 × 50 = 200,000 ኩብ ሴንቲ ሜትር፣ ማለት 200 ሊትር ይሆናል። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ ሲሠራ ባዶው ወደ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ ናፍጣው ሲሞላ 168 ኪሎ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ክብደት በማዕበል ጊዜ ከወዲያ ወዲህ እንዳይጋጭ ታንኩ በብረት ቀበቶ መታሰር አለበት።

ስለ ታንኩ አሠራር ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ዚንክ የተቀባ ላሜራ ለናፍጣ አይሆንም። ዚንኩ ከናፍጣው ጋር ተዋህዶ ሳሙና መሰል ነገር ስለሚፈጥር ፊልትሮ ይደፍናል። ስለዚህ ተራ ላሜራ ተመርጦ ውጩ ብቻ በዝገት መከላከያና በቀለም ሁለት ሁለት ጊዜ ተቀባ፤ ውስጡ ግን ሳይቀባ ቀረ።

ለ) በታንኩ መካከል ከላይና ከታች ቀዳዳ ያለው አንድ ግድግዳ ተበየደ። ጀልባዋ ስትናወጥ 200 ሊትሩ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን እንዳይሮጥ ይህ ግድግዳ ፍጥነቱን ይሰብረዋል፤ ቀዳዳዎቹም ናፍጣውና አየሩ ቀስ ብለው እንዲተላለፉ ያደርጋሉ።

ሐ) ሞተሩ ነዳጅ የሚስብበት ቱቦ ከታንኩ ወለል 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቆመ። ከሥር የሚጠራቀመው ውሃና ዝቃጭ ወደ ሞተሩ እንዳይሳብ ነው። ከታንኩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው መሥመር ላይም ውሃ የሚለይ፣ ሆዱ በብርጭቆ የሚታይ ፊልትሮ ተጨመረ።

መ) የመተንፈሻ ቱቦ ያስፈልጋል። ነዳጅ ሲቀነስ በቦታው አየር ካልገባ ታንኩ ውስጥ ባዶነት ተፈጥሮ ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል፤ በመጥመቂያ አፍ ላይ እጅን አጥብቆ እንደ መድፈን ነው። የቱቦው ጫፍ ከወለሉ በላይ ወጥቶ ዝናብ እንዳይገባበት ወደ ታች ተቀለሰ።

ሠ) ታንኩ እስከ አፉ አይሞላም። 200 ሊትር ናፍጣ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ከ3 ሊትር በላይ ይሰፋል፤ ቦታ ካላገኘ በመተንፈሻው ወጥቶ ወደ ሐይቁ ይፈሳል።

በ628 ግራም ውሃ 800 ኪሎ ግፊት

ታንኩ ተበይዶ ካለቀ በኋላ ወደ ጀልባዋ ከመግባቱ በፊት ተፈተነ። በአየር ግፊት መፈተን ይቻላል፤ ነገር ግን የታመቀ አየር ብየዳው ቢከዳ በኃይል ይፈነዳል። ውሃ ግን ስለማይታመቅ ቢያፈስ ያንጠባጥባል እንጂ አይፈነዳም። ስለዚህ ታንኩ በውሃ ጢም ብሎ ተሞላ፤ የቀሩት ቀዳዳዎች ተደፍነው በመተንፈሻው ላይ 2 ሜትር የሚቆም፣ የውስጥ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ተገጠመ፤ እርሱም እስከ ጫፉ በውሃ ተሞላ።

እዚህ ላይ ጓደኞቼ አብራችሁኝ እንድታሰሉ እለምናለሁ። በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ 3.14 × 200 = 628 ኩብ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ክብደቱም 628 ግራም፣ ማለት አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን 2 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ 0.2 ኪሎ ይጫናል። የታንኩ ክዳን 80 × 50 = 4,000 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ፣ ክዳኑን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 4,000 × 0.2 = 800 ኪሎ ይሆናል! ከ1623 እስከ 1662 እ.ኤ.አ. የኖረው ፈረንሳዊው ፓስካል ያስተማረን ይህንኑ ነው፤ በዝግ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። ይህን ሒሳብ በመዝገቤ ላይ ስሠራ አጎቴ አላመኑም ነበር፤ ክዳኑ በዓይናቸው ፊት በመጠኑ ሲነፋ ካዩ በኋላ ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

የውሃው ከፍታ በቱቦው ላይ በኖራ ተመልክቶ ከጠዋት እስከ ማታ ተጠበቀ። አንድ የብየዳ መሥመር ላይ ላብ የመሰለ እርጥበት ስለ ታየ ውሃው ተደፍቶ፣ ያ ቦታ እንደ ገና ተበይዶ፣ ፈተናው ተደገመ። በሁለተኛው ቀን የውሃው ከፍታ አልወረደም። ከዚያም ታንኩ በፀሐይ ደርቆ፣ ስፖንጁ ቀርቶ ውሃ በማይጠጣ የጎማ ቁራጭ ላይ ተቀመጠ፤ በዙሪያውም አየር እንዲዘዋወር ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ተተወለት።

ወለሉን መድፈን

እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ የሚሆነው ግን በወርዱ እንጂ በርዝመቱ አይደለም ለማለት ይቻላል። አንድ 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጣውላ በክረምትና በበጋ መካከል አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ሊለዋወጥ ይችላል። እንግዲህ በጣውላዎቹ መካከል የሚገባው መድፈኛ ግትር ከሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምትም ውሃ ያሳልፋል። የቀድሞው ሬንጅ የሆነው ይህ ነው።

በመጀመሪያ የደረቀው ሬንጅ በመሮ እየተፈለፈለ ወጣ። ከዚያ መጋጠሚያው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ንጹሕ እንጨት እስኪታይ ድረስ ጸዳ፤ ወለሉም በሸራ ጥላ ሥር ለሦስት ሳምንት እንዲደርቅ ተተወ። በእርጥብ እንጨት ላይ ማንኛውም መድፈኛ አይጣበቅምና። የደንገል ታንኳ የሚሠሩ ወገኖቻችንም ታንኳቸውን ከሥራ በኋላ ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ያስመቱታል፤ ማድረቅን ከእነርሱ የሚበልጥ አላየሁም።

ቀጥሎ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ፖሊዩሪቴን የሚባል መድፈኛ ገባ። ከዚህ ላይ አንድ ብልኃት አለ። መድፈኛው በግራና በቀኝ ያሉትን ጣውላዎች ብቻ መያዝ አለበት፤ ከሥርም ከተጣበቀ ሦስት ወገን ተይዞ መለጠጥ ስለማይችል ይቀደዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ወለል ላይ መድፈኛው የማይጣበቅበት ቀጭን ፕላስቲክ ጥብጣብ ተዘረጋ።

የብሎን ቀዳዳዎቹ ደግሞ ሌላ ጥበብ ጠየቁ። በዙሪያቸው ያለው እንጨት ጠቁሮና በስብሶ ነበር። እያንዳንዱ ቀዳዳ ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ በትልቅ መሠርሠሪያ ሰፋ፤ በኤፖክሲ ተሞላ፤ ከጠነከረ በኋላ በመካከሉ ለብሎኑ የሚበቃ ጠባብ ቀዳዳ ተበሳ። እንዲህ ሲሆን መድፈኛው አንድ ቀን ቢከዳ እንኳ ውሃው የሚያገኘው ኤፖክሲን እንጂ እንጨትን አይደለም። ብሎኑ ሲገጠም በመጀመሪያ በመጠኑ ብቻ ይጠብቃል፤ መድፈኛው ከረጋ በኋላ ከሥር ያለው ዳዶ ብቻ ትንሽ ይዞራል። ከላይ ያለው ብሎን ራሱ ከዞረ የረጋውን መድፈኛ ይሸረክተዋል፤ መጀመሪያውኑ አጥብቀው ካሰሩትም መድፈኛው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣና መካከሉ ባዶ ይቀራል።

በመጨረሻ ወለሉ በባልዲ ውሃ ተፈተነ። ውሃው ከዝቅተኛው ክፍል ተጀምሮ ወደ ላይ እየሄደ ቀስ በቀስ ፈሰሰ፤ ከላይ ቢጀመር ወራጁ ውሃ ሁሉንም ስለሚያረጥብ የሚያፈሰውን ቦታ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። እኔ ከሥር ባትሪና ኖራ ይዤ ተኛሁ። ገመድ በሚታሰርበት ብረት ሥር አንዲት ጠብታ ብቻ ታየች፤ እርሷም በነጋታው ተደፈነች።

ማጠቃለያ

ጀልባዋ በመጋቢት ወር ወደ ሐይቁ ተመለሰች። ክረምቱ ገብቶ ሲያልፍ የታንኩ ክዳን ደርቆ ቆየ፤ የፊልትሮው ብርጭቆም ጥሩ ሆኖ ይታያል። አጎቴ ማታ ማታ ታንኩን ሞልተው ያሳድራሉ፤ በየሳምንቱም ከብርጭቆው ሥር ጥቂት ቀድተው ውሃ እንዳለበት ይመለከታሉ። የቤታቸው ጣራ ገና አልተለወጠም፤ ነገር ግን ሐይቁን የሚሻገሩትን እናቶች ሲያሳፍሩ ፊታቸው ላይ ሥጋት አይታይም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ይህ ትምህርት ለጀልባ ብቻ አይደለም። የእህል ወፍጮ፣ የመስኖ ፖምፓ ወይም የመብራት ሞተር ያላችሁ ሁሉ የነዳጅ ታንክ አላችሁ። በላዩ የሚንጠባጠብ ጣራ እንዳለ ተመልከቱ፤ ከሥሩ እርጥበት የሚይዝ ነገር አታስቀምጡ፤ ነዳጅ የነበረበትን ዕቃ ከቶ አታስበይዱ። ጓደኞቼ ደግሞ በክፍል የምንማረውን ቀመር ወደ ቤታችን ይዘን እንሂድ፤ አንድ ቀን ለወላጆቻችን እንጀራ፣ ለመንገደኛውም ሕይወት ይጠቅም ይሆናል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ጠብታው ገና ጠብታ ሳለ እንድናየው ነው።